ቢጫው የበራበት ዙር

ዱዌይን ሆስቴትለር በተቀበረ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዋንጫው የእሱ ነው ተባለ።

ለእህቱ ለቨርና የነገራት የመኪና ውድድሩ ዋና ዳኛ መርል ነው፤ ያውም በስልክ፣ በምሳ ሰዓት። ጎረቤት ለሐዘኑ ያመጣው ዶሮና ኑድል ገና አላለቀም ነበር። ሹካዋን እንደያዘች «የምን ዋንጫ?» አለችው። መርል ቀስ ብሎ አስረዳት። ቢጫው መብራት ሲበራ መሪው ዱዌይን ነበር፤ የዳኞች ጉባኤ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስቦ ውጤቱን ያጸድቃል፤ እሷ መጥታ ብትቀበልለት ሁሉም ደስ ይላቸዋል። አመስግናው ዘጋች። ለምን እንዳመሰገነችው ግን ለራሷም አልገባትም።

የመወዳደሪያ ትራካቸው በአሜሪካ፣ በኢንዲያና የበቆሎ ማሳ መሀል ያለ ሞላላ አስፋልት ነው። እዚያ የሚሮጡት መኪኖች ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ ስለሆነ፣ ጎማ ከጎማ ከተነካካ አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ነጂ የለም። እንዲያም ሆኖ አርባ ዓመት የኖረ ልማድ ነበራቸው፦ አደጋ ደርሶ ቢጫ ቢበራም ማንም እግሩን ከነዳጁ አያነሣም፤ ቀድሞ መስመሩን ያለፈ ቀዳሚ ነው። የተጋጨው ተጋጭቶ፣ የቆመው ቆሞ፣ እስከ መስመሩ ይሽቀዳደማሉ። በሌሎች ትራኮች ይህ ከቀረ ቆይቷል። መብራቱ ሲበራ የነበርክበት ቦታ ያንተ ነው፤ ቀስ ብለህ ትገባለህ።

በዚያ እሑድ ጠዋት ነጂዎቹ ለስብሰባ ሲቆሙ መርል ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሌሎቹ እንሆናለን አለ። ባንዲራ የሚያውለበልበው ሽማግሌው ኦርቫል ደንብ በውድድሩ ዕለት አይለወጥም ብሎ ተነሣ። መርል «እሺ፣ እንነጋገርበታለን» አለ። በዚህ መሀል ፓስተሩ ደረሰ። ባርኔጣ ወለቀ፣ ጸሎት ተደረገ፣ አሜን ተባለ፣ ሰው ተበተነ። በዚያ ትራክ ከአሜን በኋላ ጥያቄ አይነሣም። የሚያነሣ ሰው ፈርቷል ይባላል።

ወደ መኪናው ሲሄዱ ዱዌይን የቨርናን ትከሻ ነካ አድርጎ «እቴ፣ እንግዲህ ደንቡ የቱ ነው?» አላት።

«ጠይቄ በሬዲዮ እነግርሃለሁ» አለችው።

ሥራዋ ይኸው ነበር። ነጂው የራስ ቁሩን ካጠለቀ ከፊቱ በቀር ስለማያይ፣ እሷ ከተመልካቾች መቀመጫ ጣሪያ ላይ፣ ከዳኞቹ ክፍል መስኮት አጠገብ ቆማ ዓይን ትሆነዋለች። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። የዚያን ቀን ጣሪያው ላይ ስትወጣ ሌላ ጠብ ጠበቃት። አንድ እንግዳ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ ተገኝቶ ነበር፤ ኦቾሎኒ ወደ ውድድር ይዞ መግባት መዓት መጥራት ነው ተብሎ ሰዉ ሁሉ ይጮኽበታል። እሷም አብራ ስቃ፣ አብራ ተሳደበች። ጥያቄውን ረሳችው።

የመጨረሻው ዙር ላይ ዱዌይን መሪ ነበር፤ ትሮይ ቤክማን ጅራቱን ይዞታል። አራተኛው መታጠፊያ ላይ ከኋላ የቀረ አንድ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ቆመ። ቢጫ በራ። ሁለቱም እግራቸውን አላነሡም። የቆመው መኪና በተዳፋቱ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ የዱዌይን ጎማ በጎማው ላይ ወጥቶ መኪናው ወደ አየር ተነሣ። ትሮይ በሥሩ አልፎ መስመሩን ተሻገረ።

ቨርና ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሳህኑ ፊት ለፊቷ እየቀዘቀዘ ነገሩን ታወጣ ታወርድ ጀመረች። ዋንጫው የዱዌይን ከሆነ አዲሱ ደንብ ጸንቶ ነበር ማለት ነው። አዲሱ ከጸና እግሩን ማንሣት ነበረበት። ያላነሣው ዓይኑ የሆነችው እህቱ ስላልነገረችው ነው። ዋንጫው የትሮይ ከሆነ ግን የገደለው አሮጌው ልማድ ነው፤ ያም የመርል ጣጣ ነው። ዋንጫውን ብትቀበል ራሷን ትከሳለች፤ ብትተወው ወንድሟ መሪ ሆኖ የሞተበትን ዙር ትክዳለች።

ከሁሉ የባሰው፣ በመጨረሻ ያለችውን አታስታውስም። አንዴ «ጨርስ!» ያለችው ይመስላታል። አንዴ ደግሞ «አንሣ!» ያለችው። ሁለቱንም በገዛ ድምፅዋ ትሰማቸዋለች።

ዓርብ ከሰዓት ሌስተር መጣ። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ እሑድ እሑድ ተመልካች መሀል ተቀምጦ የነጂዎቹን ሬዲዮ እየጠለፈ በካሴት ይቀዳል። በረንዳው ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያሸ፣ ለማንም አላሰማሁም፣ አንቺም ባትሰሚው አልፈርድም ብሏት ካሴቱን ሰጥቷት ሄደ። ካሴት የሚያጫውተው የዱዌይን አሮጌ ፒክአፕ ብቻ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ገብታ በሩን ዘግታ ሰማችው።

«ቢጫ፣ ቢጫ። አራተኛው ላይ ቆሟል።» ይህ የእሷ ድምፅ ነው። የሞተር ጩኸት። ከዚያ የእሱ፣ ሳይቸኩል፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው፦ «እቴ፣ የቱ ነው?»

ከዚያ እሷ፣ ለእሱ ሳይሆን ወደ ጎን ዞራ፦ «የቱ ነው?»

የወንድ ድምፅ ከሩቅ፦ «ቆይ።»

ሌላ ነገር የለም። ጨርስ አላለችም። አንሣም አላለችም። መልሳ መልሳ አጫወተችው። ቀለል ይላት ይሆን ብላ ጠበቀች፤ የቀለላትም የከበዳትም ነገር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት በትራኩ አዳራሽ አምስት ዳኞች ተቀምጠዋል። ዋንጫው ተወልውሎ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ትሮይ ከኋላ ረድፍ፣ ኦርቫል በር አጠገብ። መርል ወረቀት ማንበብ ሲጀምር ቨርና አቋረጠችው።

«መርል፣ ከአሜን በፊት ደንቡ የቱ ነበር?»

«አዲሱ ነዋ። ተናግሬያለሁ።»

«እንነጋገርበታለን አልክ እንጂ» አለ ኦርቫል። «ያልተነጋገሩበት ነገር አይጸናም።»

ከዳኞቹ አንዱ አዲሱ ለሌላው ዙር እንጂ ለመጨረሻው አይሠራም መስሎት እንደነበር ተናገረ። ሌላው በዕለቱ ጭራሽ ዘግይቶ እንደመጣ አመነ። እርስ በርሳቸው መከራከር ሲጀምሩ ቨርና ወደ ትሮይ ዞረች።

«አንተስ? ለምን አላነሣህም?»

ትሮይ ባርኔጣውን ያገላብጥ ነበር። «እሱ አላነሣማ» አለ። «እሱ ቢያነሣ አነሣ ነበር።»

ቨርና ዱዌይን በሕይወት ቢኖር ይህንኑ ቃል በቃል ይላት እንደነበር አወቀች፤ ትሮይ አላነሣማ ይላታል። ማንን እንደምትቆጣ ጠፋት። ካሴቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ዋንጫው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ጠይቆኝ ነበር» አለች። «አላወቅሁም። ወደ ዳኞቹ መስኮት ዞሬ ጠየቅሁ፣ አንድ ሰው ‹ቆይ› አለኝ። መርል፣ አንተ ነህ?»

መርል ካሴቱን አየው፣ አልነካውም። አንደኛ ክፍል አብረው ነው የገቡት፤ ሲዋሽ ታውቀዋለች። አሁን ግን ፊቱ ላይ ምንም ማንበብ አቃታት።

«አላስታውስም፣ ቨርና» አለ። «እኔ ልሆን እችላለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ያወራ ነበር። እኔም ሰው እየጠየቅሁ ይመስለኛል።»

ብዕሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገና ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ አላት፤ እየተማጠነ እንጂ እያፌዘ አልነበረም።

«የምታውቁትን» አለችና ወጣች።

ከአዳራሹ የብዕር ድምፅ አልሰማችም። የፒክአፑን በር ከፍታ ስትቀመጥ ግን ከኋላዋ ጠጠር ተንኮሻኮሸ። ኦርቫል ነው፤ ዋንጫውን እንደ ሕፃን አቅፎታል። ሳይጠይቃት ከጎኗ ያለውን በር ከፍቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፣ ቀበቶውን አሰረለት፣ ከውድድር በፊት ለነጂዎቹ እንደሚያደርገው ሁለቴ ሳብ አድርጎ ፈተሸው።

«ጋሼ ኦርቫል» አለች፣ «አሁን ተቀበልኩ ማለት ነው?»

ሽማግሌው እጁ ቀበቶው ላይ እንዳለ አሰበ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። መንገድ ላይ እንዳይንከባለል ብዬ ነው።»