የኡፑል ተራ

ቻንዳናን የክሪኬት ቡድኑ አለቃ ይሉታል። እስቲ ይሁን! ማን ቀድሞ ገብቶ እንደሚመታ የሚወስን ሰው አለቃ ከተባለ፣ እሱ ያን ቀን አለቃ አልነበረም። የመጀመሪያውን ስም የቡድኑ ደጋፊ ነጋዴ፣ ፒያዳሳ ሙዳላሊ፣ ራሳቸው አስጻፉት።

«ልጄ ላሂሩ መጀመሪያ ይግባ» አሉ። «ኮከብ ቆጣሪው ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት መልካም ሰዓት ነው ብሏል። ከጨዋታ ሳይወጣ ከጨረሰ የኢኖካም የጋብቻ ነገር ዛሬውኑ ይቆረጣል። ከወጣ ግን... ምን ላድርግ ልጄ፣ ኮከብ ነው።»

ኢኖካ የቻንዳና እህት ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ኮከቧ አልገጥም እያለ ሁለት ጊዜ የመጣው ሽማግሌ ተመልሷል። ሦስተኛው ይኸው ላሂሩ ነው፤ እሷም ወዳዋለች፣ ምን ይደረግ!

«ሁለተኛውን ኡፑልን ልጻፈው ጋሼ?» አለ ቻንዳና።

«ኧረ አንተ ግባ! አማቹ ልትሆን አይደል? ጎኑ ሆነህ ጠብቀው።»

ኡፑል ባለባጃጅ ነው፤ በማታራ ከተማ እንደ እሱ የሚመታ የለም። ያን ቀን ከኮሎምቦ ተጫዋች መራጭ መጥቷል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ኡፑል ዕድሜው እየሄደ ነው፤ ዛሬ ካልታየ አከተመ። ቻንዳና እያፈረ ሦስተኛ ጻፈው። ሜዳ የሚገቡት ሁለት ሁለት ሆነው ነው፤ ሦስተኛው የሚገባው ደግሞ ከፊተኞቹ አንዱ ሲወጣ ብቻ ነው።

«ግድ የለም አያ» አለ ኡፑል እየሳቀ። «ላሂሩ ሲሮጥ አይተኸዋል? እርጉዝ ላም! አሁን ይወጣል።»

አልወጣም! ያ ቀርፋፋ ከኋላው በተተከሉት፣ ከወደቁ በሚያስወጡት እንጨቶች ፊት ኳሱን ሁሉ እየደፈነ ቆመ። አይመታ፣ አይወጣ! አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ኡፑል በዚያ ሙቀት የእግር መከላከያውን ታጥቆ ዳር ተቀምጧል፤ ቀጣዩ ሰው ሳይፈታ መጠበቅ አለበት። ቻንዳና ዞር ባለ ቁጥር ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ላሂሩን በሩጫ አሳስቼ ላስወጣው ቢል የኢኖካ ፊት ድቅን ይልበታል። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል መራጩ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

«የመጣው ይምጣ!» አለ ቻንዳና። የዙሩን ስድስተኛና የመጨረሻ ኳስ አውቆ ሳታት፣ እንጨቱም ወደቀ። እሱ ወጣ፤ ኡፑል እየሮጠ ገባ። መራጩ ተመልሶ ተቀመጠ።

አዲስ ዙር ከወዲያኛው ጫፍ ስለሚጀምር ቀድሞ የሚመታው እዚያ የቆመው ላሂሩ ነው። ኳሷን ነካ አደረጋትና «ና! ና!» ብሎ ጮኸ። ኡፑል ቦታ ሊለዋወጥ ተስፈንጥሮ ሮጠ። ላሂሩ ግን መሀል ላይ ሲደርስ ፈራና ወደ መጣበት ዞረ። ሁለቱም ወደ አንድ መስመር መሮጥ ሆነ፤ ቀድሞ የረገጠው ይድናል፣ የቀረው ይወጣል። ኡፑል ቀደመው። አንድ እርምጃ ሲቀረው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ላሂሩ እያለከለከ አልፎት ገባ። ተጋጣሚዎቹ በወዲያኛው በኩል እንጨቱን ጣሉት።

ኡፑል አንዲት ኳስ ሳይመታ ወጣ። ሙዳላሊ እያጨበጨቡ ኮከብ ቆጣሪያቸውን መረቁ። የመራጩ መኪና ሄደ።

«አንተ እብድ! ቀድመኸው ነበር እኮ!» አለ ቻንዳና፣ ኡፑል መጥቶ አጠገቡ ሲቀመጥ። «ምን ነክቶህ ነው የቆምከው?»

«ኢኖካስ?» አለ ኡፑል፣ የአንድ እግሩን ማሰሪያ እየፈታ። «ስድስት ዓመት ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ሽማግሌ በተመለሰ ቁጥር የምታለቅሰው እኔ ባጃጅ ውስጥ ነው። በመስታወት አያታለሁ። ሦስተኛውን አልችለውም አያ።»

ስድስት ዓመት! ለእህቱ ሰው ሲፈለግ የዚህን ልጅ ስም ያነሳ አልነበረም፤ ቻንዳናም አላነሳም። አሁን ቢያነሳስ? እሷ ላሂሩን ትወዳለች፤ ላሂሩም ይኸው ሜዳው መሀል ቆሞ ይደፍናል።

ጎንበስ አለና የሌላኛውን እግር ማሰሪያ ፈታለት።