ጫጩቷን የላጣት ማን ነው?

ንስሩን የነካው ይኼ ስድስተኛው ለቀስተኛ ነው።

ሰውዬው እጁን ሊታጠብ ከዱንኳኑ ወጥቶ ወደ ቧንቧው ሲያልፍ ቆም አለ። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ሞተር ጠጋ ብሎ፣ በቤንዚን ታንኩ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር የንስር ስቲከር በአውራ ጣቱ ፈተገው፤ ጫፉንም በጥፍሩ ሞከረው። አልነሳ ሲለው እጁን ሳይታጠብ ተመልሶ ገባ።

ሰይዳ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ በመጋረጃው ክፍተት ታየዋለች። ሟቹ ኡበይድ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ቡራዩ ዋናው መንገድ ዳር የሴቶች ፀጉር እየሠራች ያሳደገችው እሷ ናት። ትናንት እሁድ ወንዶቹ ወስደው ቀበሩት። በነሱ ቤት ሙሾ የለም፣ ደረት መድቃትም የለም፤ ሦስት ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ብዙ ያያል፣ ብዙም ይሰማል።

እሷም ሰምታለች። ጎረቤታቸው ካሳሁን በመስኮቱ ሥር ቆሞ ከአንዱ ለቀስተኛ ጋር ሲያንሾካሹክ ነበር።

«በፊት እኮ ጫጩት ነበረችበት። ቢጫ ጫጩት፣ አገር የሚያውቃት።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ፣ ሰው በዚህ ክፉ ጊዜ የሞተሩን መልክ ለምን ይቀይራል? ከማን ሊደበቅ ነው? ለማንስ ቢሠራ ነው?»

«ጆሮ ጠቢ ነበር ልትለኝ ነው?»

«እኔ ወጣኝ? ጠየቅሁ እንጂ መች አልኩ!»

ካሳሁን ክፉ ሰው አይደለም። መርዶውን ሰምቶ ከሁሉም ቀድሞ የደረሰ፣ ዱንኳኑንም ሲተክል ያመሸ እሱ ነው። ብቻ አንድ ነገር ሳያውቅ ካደረ የሚያመው ዓይነት ሰው ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ ማንም ምንም በቅጡ የማያውቅበት ጊዜ ነበር። ታኅሣሥ 2008። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ሱሉልታ ሊያሰፋ ነው፣ ገበሬውንም ከመሬቱ ሊነቅል ነው ተብሎ ወጣቱ መንገድ ወጥቷል። መንገዱ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ሲዘጋ አላፊውን የሚጠይቁት ወጣቶቹ ናቸው፣ ሲከፈት ወታደሮቹ። ኡበይድ ቅዳሜ ጠዋት ከሱሉልታ ወጣ ብሎ በድንጋይ ከተዘጋ መንገድ ደረሰ፤ ከዳገቱ ላይ የተወረወረ ድንጋይ መታውና ወደቀ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። አስከሬኑም ሞተሩም በአንድ አይሱዙ ተጭነው መጡ።

ጫጩቷን የላጣት ኡበይድ አይደለም። የላጠቻት ሰይዳ ናት።

ኡበይድ የአንድ ቀን ጫጩት አመላላሽ ነበር። ከደብረ ዘይት የሚመጡትን አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶች አዲስ አበባ ይቀበልና፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ካርቶን ከኋላው ደራርቦ አስሮ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ዶሮ አርቢዎች ያደርሳል። ጫጩት «ነገ ና» አይባልም፤ በቀኑ ካልደረሰ ያልቃል። መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱት አጎታቸው ሐጂ አብዱረዛቅ «የነጋዴ ዘር ጭው ጭው የሚል ነገር ታቅፎ ይዙር?» እያሉ ያፍሩበት ነበር። እሱ ይስቃል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ይሄዳል።

የዛሬ ዓመት ግድም ፀጉር ቤቷ ብቅ ብሎ «የፀጉር ማድረቂያሽን አውሺኝ» አላት።

«የማንን ፀጉር ልታደርቅ?»

«የሞተሩን።»

ደንበኛዋን በቢጉዲን እንደጠቀለለች ትታ ተከትላው ወጣች። ነገር ማየት ትወዳለች። ታንኩ ላይ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ የእሳት ነበልባል ስቲከር ነበር። ኡበይድ ማድረቂያውን ከስንዝር ርቀት እያወዛወዘ አሞቀው፤ ጫፉ ሲለሰልስ በጥፍሩ አነሳና ወደ ኋላ አጥፎ ቀስ እያለ ሳበው።

«በብርዱ ከሳብሽው ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ማሞቅ ነው፣ ከዚያ መታገስ» አላት።

የቀረውን ሙጫ በሷው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠረገ። ታንኩን በሳሙና ውሃ አራሰና መዳፍ የምታህል ቢጫ ጫጩት አሳረፈበት። ውሃው ስላለ ወዲህ ወዲያ እየገፋ አስተካከላት፤ በተፋቀ የሞባይል ካርድም ከመሃል ወደ ዳር እየጠረገ ውስጧ የቀረውን አየር አስወጣ። በመጨረሻ መዳፉን ጫነባትና ዝም ብሎ ቆመ።

«አሁን ደግሞ ምን እያደረግህ ነው?»

«ሙቀት ካላገኘች አትይዝም። እንደ እውነተኞቹ ናት።»

«ግን ለምን ጫጩት? አንበሳ ጠፍቶ?»

«ይቺ ፓስፖርቴ ናት» አለና ሳቀ።

ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች። መልሱ ያው ነበር። ቀልድ ነው ብላ ተወችው።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ፣ ራያ የምትባል የሰበታ ልጅ እንደሚወድ ነገራት። ሽማግሌ ተላከ። የራያ አባት «እሺም እምቢም ከማለታችን በፊት ልጁን እንየው፣ እሁድ ይምጣ» አሉ። ሐጂ አብዱረዛቅም ሰይዳን ጠሩና «ጫጩት ለጥፎ የሰው ደጅ ሊቆም ነው? የዶሮ ነጋዴ መጣ ይሉናል፤ አንድ ነገር አድርጊ» አሏት። እሷም ከመርካቶ ንስሩን ገዛች። ዓርብ ኡበይድ ጁምዓ ሊሰግድ በእግሩ ሲሄድ ማድረቂያዋን ሰካች። እንዳስተማራት አሞቀች፣ ታገሠች፤ ጫጩቷ ቀለም ሳትጎዳ ወጣች። በሥራዋ ኮርታ ነበር።

ኡበይድ ንስሩን ያየው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሰዓቱን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ።

«ንስር ጫጩት ሲያጓጉዝ የት አገር ታይቷል፣ ሰይዱ?» አላት።

«ለነገው እኮ ነው። አላማረህም?»

«አምሯል። አሁን ብነቅለው ጫጩቶቹ ይሞቱብኛል፣ ስመለስ እናየዋለን» ብሎ ግንባሯን ሳመና ሄደ።

እንግዲህ በመጋረጃው ክፍተት የምታየው ሞተሩን ብቻ አይደለም፤ ኡበይድ ያን ጠዋት ሰዓቱን ማየቱንም ጭምር ነው። ፓስፖርቴ ናት ያለው እውነቱን ቢሆንስ? እውነቱን ከሆነ ወንድሟን የገደለችው እሷ ናት። ማወቅ ፈለገች፣ መጠየቅ ፈራች። እኔ ነኝ የላጥኳት ብትል የካሳሁን ሹክሹክታ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ግን ያቺ ሌላዋ ጥያቄ ተከትላ ትመጣለች። ስለዚህ ዝም አለች።

እሷ ዝም ስትል ወሬው አልተኛም። ማክሰኞ፣ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ የካሳሁን ሚስት አረጋሽ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጆሮዋ ሥር ተናገረች።

«እግዜር ያጥናሽ ሰይድዬ። እንዲህ ያለ ነገር በለቅሶ ቤት አይወራም ነበር፤ ካልነገርኩሽ ግን ያንቀኛል። ከሰበታ የልጅቷ ቤተሰብ አልመጣም አይደል?»

«አልመጡም። መንገዱ ተዘግቶ ይሆናላ።»

«መንገዱማ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። 'ሥራው ምን እንደነበር ሳናጣራ የሰላይ ለቅሶ አንደርስም' ብለዋል አሉ። ልጅቷ ስታለቅስ ነው የከረመችው አሉ።»

ትናንት ወሬ የነበረው ዛሬ የኡበይድ ስም ሆኗል። ነገ ዱንኳኑ ይነቀላል፤ ሰውም ይበተናል፤ የሰማውን ይዞ ይሄዳል።

የግቢው በር የተንኳኳው ያን ጊዜ ነው። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች የሃምሳ ዓመት ግድም ሴት ገባች፤ በብብቷ የኡበይድን ሄልሜት ይዛለች። ኡበይድ ጫጩት የሚያደርስላት የሱሉልታ ዶሮ አርቢ፣ ገለቴ ናት። የወንድ ዱንኳን ይኼ፣ የሴት ክፍል ያ የሚላት ሳታገኝ፣ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄደች።

«ዋቃዮ!» አለች። ሄልሜቱን መቀመጫው ላይ አኖረች። «ጫጩቷስ? ጫጩቷን ማን ነው የላጣት?»

የካሳሁን አንገት ቀድሞ ብቅ አለ፣ ቀሪው አካሉ ተከተለ።

«እኛም ሦስት ቀን ሙሉ የምንጠይቀው እሱኑ ነው እናቴ» አላት። «እርስዎ ስለሷ ምን ያውቃሉ?»

«እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ? 'አንድ ምልክት ለጥፍ፣ ልጆቹ ከሩቅ ይለዩሃል' ያልኩት እኔ ነኝ። ካቻምና መንገድ ሲዘጋ ስንት ጫጩት አለቀብኝ መሰለህ? ለሱሉልታ ልጆች ነገርኩ፣ የሰበታ አርቢዎችም ለልጆቻቸው ነገሩ። ቢጫዋን ከሩቅ ሲያዩ ድንጋዩን በእጃቸው ነበር የሚያነሱለት። 'ጫጩቱ መጣ፣ ጫጩቱ መጣ' እያሉ። ልጄ፣ ስሙንም አያውቁትም ነበር።» ወደ ንስሩ ጠቆመች። «ቅዳሜ ያዩት ጥቁር ነገር ነው። ፊቱን የሸፈነ ሰው በጥቁር ሞተር። ወዲያው ተወረወረ። ካርቶኑ ተቀዶ ጫጩቶቹ አስፋልቱ ላይ ሲበተኑ ነው ማን መሆኑን ያወቁት።»

«ታዲያ ራሱ ለምን ቀየራት?» አለ ካሳሁን። የማይተኛው ጥያቄው ይኼ ነበር።

ሰይዳ ተነሳች። አረጋሽ ቀሚሷን ልትይዛት ሞከረች፤ አመለጠቻት። በሦስቱ ቀን ውስጥ አንዲትም ሴት ወደ ወንዶቹ ዱንኳን አልተጠጋችም፤ እሷ እስከ አፉ ድረስ ሄዳ ቆመች። አጎቷን፣ ካሳሁንን፣ ያንን እጁን ሳይታጠብ የተመለሰውን ሰውዬ ጭምር አየቻቸው።

«እሱ አልቀየራትም። እኔ ነኝ የላጥኳት» አለች። «ለራያ ቤት ያምርበት ብዬ፣ እሱ ለጁምዓ በወጣበት። ፓስፖርቴ ናት ብሎኝ ነበር፤ ሳቅኩበት። ከማንም አልተደበቀም። ለማንም አልሠራም። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሐጂ አብዱረዛቅ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ላጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ጫጩት አሳፍሮኝ» አሉና ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ገለቴ ወደ ሰይዳ ሄዳ እጇን ያዘች። «አንቺ የላጥሽው ስቲከር ነው። ድንጋይ የወረወረ ሌላ አለ» አለች። ቀጥላም «የኔም ልጅ እዚያ ነበረ። ማን እንደወረወረ አላውቅም ይለኛል። ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሰም» አለች። ሰይዳ እጇን ልትነጥቃት ትችል ነበር። አልነጠቀቻትም።

ሰይዳ ማንም ምንም ሳይላት ወደ ሞተሩ ሄደችና መቀመጫውን አነሳች። ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ትርፍ የጫጩት ስቲከሮች አገኘች። ማድረቂያዋን አምጥታ ሰካች፤ መብራት የለም።

«ውሃ አፍሉ» አለች ገለቴ። «ጀሪካን አምጡ። መብራት ሲጠፋ ጫጩት የማሞቀው እንደዚያ ነው፤ ያስተማረኝም እሱ ነው።»

ጀሪካኑን ተሸክሞ የመጣው ካሳሁን ነበር። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ገለቴ በፎጣ ጠቀለለችና ንስሩ ላይ አስደገፈችው። ታገሡ። ጫፉ ለስለስ ሲል ሰይዳ በጥፍሯ አነሳችው፣ ወደ ኋላ አጥፋ ቀስ እያለች ሳበችው። አስፋልቱ የፋቀው በኩል እየተቆራረጠ እምቢ አላት፤ እንደገና አሞቁት። አረጋሽ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውንና የሳሙና ውሃውን አመጣች። ለቀስተኛው ሁሉ ከዱንኳኑ ወጥቶ ክብ ሠርቶ ያያል፤ ካሳሁን እንኳ አንድም ነገር አልጠየቀም።

ቢጫዋን ጫጩት አሳረፈቻት። ገፋ ገፋ አድርጋ አስተካከለቻት፣ ከመሃል ወደ ዳር በካርድ ጠረገቻት። ከዚያ መዳፏን ጫነችባት።

«በቃ ልጄ፣ ይዛለች» አለች ገለቴ።

«ትንሽ ትሙቅ» አለች ሰይዳ። እጇን አላነሳችም።