ሚፍታህ የተጫነበት ሜዳ

ከሰንበቴ ከተማ በታች፣ ቆላው ላይ፣ ሰው «የአውሮፕላኑ ሜዳ» የሚለው ገላጣ መሬት አለ። ዛሬ ፍየል ነው የሚሰማራበት። ዓዲላ ግን የአባቷ የማሽላ ማሳ ሳለ ታውቀዋለች። በደርግ ጊዜ ወታደሮች መጡና እሸቱን አሳጨዱት፤ ያገሩን ወንድ ሁሉ ድንጋይ አስለቅመው፣ አፈር አስደልድለው አውሮፕላን ማረፊያ አደረጉት። ኋላ ሜዳውን ሲያሰፉ፣ ቋጥኝ ለማፍረስ የተጠመደ ድማሚት ያለጊዜው ፈንድቶ ወንድሟን ሚፍታህን ሆዱ ላይ መታው። በማለዳ ከቁስለኛ ወታደሮች ጋር አውሮፕላን ላይ ጭነው፣ «አዲስ አበባ ታክሞ ይመለሳል» አሉ። ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። እሷ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አሁን የልጅ ልጅ አይታለች፤ ሚፍታህ ግን እንደሄደ ቀረ።

ጎረቤቶቿ ስንት ጊዜ «እንደ ሞተ ቆጥረን እንስገድበት፣ ሰደቃም ይውጣለት» ቢሏት፣ «ሬሳውን ያየ አለ?» እያለች ትመልሳቸው ነበር። እናቷም ይህንኑ እንዳለች ነው የሞተች።

አምና ነጅዋ የምትባል ወጣት ከከሚሴ መጣች። ያካባቢውን ታሪክ የምትሰበስብ ናት።

«አከም ጅርቱ፣ እናቴ? ደህና ነዎት? ስለ ሜዳው እንዲያጫውቱኝ ነበር።»

ዓዲላ ታክቷታል። ከዚህች በፊትም ስንቱ ጠይቋት፣ ጽፎ ሄዷል። ቢሆንም የምታውቀውን ሁሉ ነገረቻት። በመጨረሻ፣

«የጫኑትን ሰው ይመዘግቡት ነበር ወይ፣ ልጄ?» አለቻት።

«አላውቅም፤ ግን እጠይቃለሁ።»

«እሱንማ ሁሉም ይላል።»

ነጅዋ ግን እውነትም ጠየቀች። አዲስ አበባ ሄዳ፣ ቁስለኞቹ ይገቡበት የነበረውን ሆስፒታል አሮጌ መዝገብ ስታገላብጥ ሰነበተች። ባራተኛው ወር ደወለች።

«እናቴ፣ ስሙ የለም። ግን በዚያች ቀን ከወታደሮቹ ጋር አንድ ሲቪል ገብቷል፤ ሆዱ የቆሰለ። ከአውሮፕላን ሲያወርዱት...»

«ሞቶ ነበር?»

«አዎ። አላህ ይርሀመው።»

ዓዲላ ስልኩን ለልጇ ሰጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እንባ አልመጣላትም።

«ስንት ዘመን በር በሩን ሳይ!» አለች። «እሱ ለካ ያን ዕለት ለዙህር፣ ለቀትር ሶላት እንኳ አልደረሰም።»

የጁምዓ ዕለት መስጊድ ላይ ሰገዱበት፤ እቤትም ሰደቃው ወጣ። ሰዎቹ ዱዓ አድርገው ሳይነሱ ዓዲላ ደከመኝ ብላ ጓዳ ገባች። እንግዳ ሳትሸኝ ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነው። ልጇ ሊቀሰቅሳት ሲነሳ ሽማግሌዎቹ፣ «ተዋት፣ ትረፍ» አሉት። እስከ መግሪብ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ተኛች።