ለሥራ ብቻ የሚውል ክፍል

አልጋውንስ ፈትቼ ሶፋው ኋላ ሸጎጥኩት፣ የጉልበት ቅባቷንም ጣልኩ፣ ክፍሉ ግን አሁንም እናቴ እናቴ ይሸታል፣ መስኮት ክፈት፣ ቱቦ ደርድር፣ መፍቻ ስቀል፣ ደረሰኝ በትን፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ቢሮ ምን እንደሚመስል የት አውቄ፣ የግብር ቅጹ ላይ ለሥራ ብቻ የሚውል ክፍል ይላል፣ እኔ ደግሞ ሜትሬን ዘርግቼ ሦስት በአራት ብዬ ሞላሁ፣ ሦስት ዓመት ግብር አስቀነስኩበት፣ ሦስት ዓመት እናቴ ተኛችበት። ዛሬ ኦዲተር ትመጣለች። ከተያዝኩ ቅጣቱ አለ፣ ፈቃዴንም ይነጥቁኛል፣ ያለ ፈቃድ ማን ቧንቧውን ያስነካኛል።

እማዬ፣ ለሁለት ሰዓት ጎረቤት ቆይልኝ ብላት፣ ጉልበቴን ልጄ። ሁሌ ጉልበቷ። ከምላሷ በቀር ያልደከመባት ነገር የለም።

ይንኳኳል። ኦዲተሯ ናት፣ ልጅ እግር፣ ሥርዓት ያላት፣ እናቴ ኮሪደሩ ላይ ካፖርቷን ለብሳ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች፣ እኚህ እናት ማን ናቸው፣ ደንበኛ ናቸው፣ ምላሴ ቀደመኝ፣ አንቱ አልኳት፣ የወለደችኝን። እናቴ ታየኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከዚያ ወደ ኦዲተሯ ዞራ፣ አዎ ልጄ፣ ቧንቧዬ እያፈሰሰ ፍዳዬን አሳየኝ፣ እሳቸው ጎበዝ ናቸው ሲሉኝ መጣሁ፣ እሳቸው፣ እኔን ነው፣ ከእኔ አሳምራ ዋሸች፣ ኮራሁባት፣ አፈርኩ፣ ግን ኮራሁ።

ኦዲተሯ ትለካለች፣ ልክ ነው፣ ትፈርማለች፣ ተገላገልኩ፣ በቃ ሂጂልኝ፣ በሩ ጋ ደርሳ ዞር ትላለች፣ እማማ፣ መኪና ይዣለሁ፣ በመንገዴ ላድርስዎ?

አይ አይ፣ እኔ አደርሳቸዋለሁ።

እርስዎማ ሥራ አለብዎት፣ አላስቸግርዎትም፣ ትለኛለች እናቴ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ትነሳለች። ቤትዎ የት ነው እማማ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር፣ ሸጬ የሥራ መኪና የገዛሁበትን ቤታችንን ትነግራታለች፣ አፏ አይደናቀፍም፣ እዚያ ማን አላት፣ የማያውቋት ሰዎች በር ከፍተው ማንን ፈልገው ነው ሊሏት ነው፣ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት እማማ፣ ብቻዬን ነኝ ልጄ፣ የወለድኩትም የለኝ። ኦዲተሯ ክንዷን ትይዛለች፣ ደረጃውን ቀስ እያለች ታወርዳታለች፣ እኔ አንድም ቀን እንዲህ ይዣት አላውቅም።

ጥራት እንጂ። እማዬ በላት፣ አንድ ቃል ናት፣ አንተ ውሻ፣ የተፈረመው ወረቀት እጄ ላይ ነው፣ የመኪናው በር ሳይዘጋ፣ አሁን፣ አፌን እከፍታለሁ፣

ደህና ይሁኑ፣ እላታለሁ።