ፊት የተነሳው ደንበኛ

ባለቤቴ እታፈራሁ ከእሷ ካውያ የገዛውን ሰውዬ ፊት ነሳችው፤ ፊቱም እኛ ቤት ቀረ። ጠዋት ሳሎን ስገባ ከበሩ ኋላ ዣንጥላ በምንሰቅልበት ማንጠልጠያ ላይ አገኘሁት። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ጢሙ፣ ሁሉም በቦታው ነበር። «እንደምን አደራችሁ» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እታፈራሁ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችን በስልክ ገበያ ትሸጣለች። እዚያ ገበያ ላይ ገዢ ለሻጭ ኮከብ ይሰጣል፣ ሻጭም ለገዢ ይሰጣል፤ ከኮከቡ ሥር ደግሞ ሁለቱም ያሻቸውን ይጽፋሉ። ዘንድሮ አገር ምድሩ በአውራ ጣቱ ዳኛ ሆኗል። የእሷ ኮከቦች አምስት ነበሩ፣ ሙሉ አምስት። ቤት እንግዳ ሲመጣ ከሠርጋችን ፎቶ በፊት የምታሳየው እነሱን ነው። ቅሬታ የለኝም፤ ፎቶው ላይ እኔም ጥሩ አልወጣሁም።

አቶ መንገሻ የሚባሉ ሰው ካውያውን ሊወስዱ ከገርጂ እኛ ሰፈር ጀሞ ድረስ መጡ። መብራት ጠፍቶ ነበር። «ሰክቼ ሳላየው አልወስድም፤ መብራት እስኪመጣ እዚሁ ልቀመጥ» አሏት። እሷ ደግሞ በጋዝ ምድጃ ወጥ ጥዳ ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። «ወንድሜ፣ ይሄ መኖሪያ ቤት ነው፤ የምትወስድ ከሆነ ውሰድ» ብላ በሩን ገርበብ አደረገችባቸው። አረፍ በሉ የለ፣ ውኃ የለ። ሰውዬው እያጉረመረሙ ይዘው ሄዱ። ቤታቸው ሲደርሱ ጻፉ፦ «ካውያው ይሠራል። ሻጯ ግን ፊት ነሳችኝ። አንድ ኮከብ።»

ገበያው የተጻፈውን እንደተጻፈው ይቀበላል። ፊቱም መጣ።

እታፈራሁ ፊቱን ስታይ አልደነገጠችም። የደነገጠችው ኮከቧን ስታይ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ጫፉ ተሸርፏል። ማንጠልጠያው ሥር ቆማ «እኔ ነኝ ፊት የምነሳው?» ብላ ጮኸች።

«እኔ ምንም አላልኩም እመቤት» አለ ፊቱ። «የጻፈው እጄ ነው።»

«እጅዎ ብቻውን ጻፈ?»

«ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር፤ አልክድም። ግን እንዲህ ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ አልልዎትም ነበር።»

ያስቸገረን የፊቱ ጨዋነት ነው። ምሳ ስናቀርብ «ብሉ፣ ብሉ» ይለናል፤ እሱ አይበላም፤ የሚበላበት አለው እንጂ የሚያስቀምጥበት የለውም። ዜና አብሮን ያያል፣ ቀልድ ያውቃል፣ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ጢሙን እኔ አስተካክልለታለሁ። ለፊቱ «አንቱ» እንላለን። ገርጂ ለቀረው ሰውዬ ግን እታፈራሁ «አንተ» ትለዋለች፤ እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት።

የቀረው ሰውዬ አፍ ስለሌለው ይጽፋል። ጆሮዎቹ ከእሱ ጋር ስለቀሩ ደግሞ ስልኩ እያነበበ ያሰማዋል።

«ፊቴን መልሺ» ብሎ ጻፈ።

«መጀመሪያ የጻፍከውን አጥፋ።»

«መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂ።»

«ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ፊት አይሰጥም» አለች እታፈራሁና ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው።

ያለ ዓይን እንዴት እንደሚጽፍ ገርሞኝ ፊቱን ጠየቅኩት። «ልምድ ነው» አለኝ።

ወደ ገበያው የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። አንዲት ትሁት ልጅ አነሳች።

«ዕቃው ተበላሽቷል?»

«የለም፣ ይሠራል።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ከገዢው ፊት ጎደለ። እኛ ጋ ነው ያለው።»

«ትርፍ ዕቃ ደረሳችሁ ማለት ነው?»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«ትርፍ ዕቃ ባለቤቱ እስኪወስደው ንጹሕ ቦታ ይቀመጣል። ስላስተናገድኩዎት ስንት ኮከብ ይሰጡኛል?»

አምስት ሰጠኋት። ምን ላድርግ፣ ፊቱ እያየኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቱ እጁ ከዚህ በፊት የጻፈውን እንዳነብለት ለመነኝ። አነበብኩለት። ምንጣፍ ለሸጠችለት ሴት «ምንጣፉም እሷም ይሸታሉ» ብሏል። ብስክሌት ቤቱ ድረስ ላመጣለት ሰው «ብስክሌቱ ጥሩ ነው፤ ሰውዬው ሌባ ይመስላል» ብሏል። የሟች ባሏን ካፖርት ለሸጠችለት ሴት ደግሞ «ሰፋኝ፤ ባልሽ ቦርጫም ነበር?» ብሏል። እዚህ ላይ ስደርስ ፊቱ ቀላ።

«ሴትየዋ ምን መለሰች?»

«'ይቅርታ' ብላለች። አምስት ኮከብም ሰጥታዎታለች።»

«ይበቃል» አለ። ቀና ስል ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል፤ የሚጠርግበት እጅ ስለሌለው በመሐረቤ ጠረግኩለት። አንጀቴን በላው። እውነቱን ለመናገር ፊቱን ወደድኩት፤ ሰውዬውን ግን እንደጠላሁት ነው።

ቅዳሜ የሰውዬው ልጅ መጣች። ሜላት ትባላለች። ደጃፉ ላይ ቆማ አንገቷን ደፋች።

«ነገ ሽማግሌ ይመጣል፤ ልታጭ ነው። እናቴ በሕይወት የለችም፤ ያለኝ አባቴ ብቻ ነው። በምን ፊቱ ይቀበላቸዋል?»

«ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ፊት አይሰጥም» አለች እታፈራሁ።

«የልጁ ወገኖች ስንት ተለምነው ነው እሺ ያሉት። 'አባትየው አፉ ክፉ ነው' ይላሉ። ነገ ካልተቀበላቸው ተመልሰው አይመጡም፤ እኔም ቀረሁ።» ማልቀስ ጀመረች።

እታፈራሁ ወደ ማንጠልጠያው ዞራ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊቱ ልጁን እያየ ከንፈሩን ነክሷል።

«አፉማ እዚህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ክፉም አይደለም።»

ስልኳን አንስታ ጻፈች፦ «መብራት እስኪመጣ አረፍ ማለት ይችሉ ነበር። ውኃም አላቀረብኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ለቀረው ሰውዬ «አንቱ» ስትል ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ «በቃ፣ ፊት ሰጠሁ» ብላ ፊቱን በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለችው።

ፊቱ «እባክህ አንተም ና» ስላለኝ እሑድ ከሜላት ጋር ገርጂ ሄድኩ። ሰውዬው ሱፉን ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። ፊቱ የነበረበት ቦታ እንደተላጠ እንቁላል ለስላሳ ነው። ሜላት ፎጣውን ፈታ አቀበለችው። ግንባሩን ዳበሰ፣ አፍንጫውን ዳበሰ፣ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ሳምንቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ሲስቅ ስለከረመ የከንፈሩ ጥጎች ወደ ላይ ቀና ብለዋል። ፊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስልኩን አነሳ፤ ጻፈ። ስልኩ ጮክ ብሎ አነበበለት፦

«ፊቱ ዘግይቶ ደረሰ። ያገለገለ ነው። እኔን አይመስልም። አንድ ኮከብ።»

ፊቱ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ግን እዚያው ሰውዬውን በጥፊ ባጠናግረው ደስ ባለኝ፤ የምመታበት ቦታ አልነበረም።

በሩ ተንኳኳ። ሜላት አባቷን አየች፣ በሩን አየች። ከዚያ የአባቷን ፊት ከጠረጴዛው አንስታ የራሷ ፊት ላይ አደረገችው። ልክ ሆነላት። በእጇ ምልክት ስትሰጠኝ ሰውዬውን ከነወንበሩ ጥግ አስጠጋሁት፤ እሷ መሀል ተቀመጠች፤ እኔ በሩን ከፈትኩ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጢሙንም ቀሚሱንም አዩ፤ አልፈው ተቀመጡ። ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ እንጂ የሰው ልብስ አያይም። ትልቁ ሽማግሌ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

ፊቱ ሁሉንም በየተራ አየና «አክብራችሁኛል፤ እኔም ቤቴን የሚያከብር ዘመድ አገኘሁ። ሰጥቻለሁ» አለ። ድምፁ የአቶ መንገሻ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ።

«እንዲህ ያለውን ጨዋ ሰው ነው ክፉ ነው ያሉን?» ተባባሉ ሽማግሌዎቹ። አንደኛው ዓይናቸውን አበሱ። ጥግ ላይ የሰውዬው አውራ ጣት ስልኩ ላይ መሮጡን አላቆመም።

«እንግዲህ ልጃችን ትምጣና እንመርቃት» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ሜላት!» ብሎ ተጣራ ፊቱ።

ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመ፦

«ነይ እንጂ ልጄ፤ እንግዳ አታስጠብቂ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ጓዳው በር ዞሩ። ፊቱም ወደ ጓዳው በር ዞሮ፣ ልጁን በኩራት ሊያስተዋውቅ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ከፊቱ በታች፣ ቀሚሱ ላይ ተጣምረው ከተቀመጡት ሁለት እጆች አንዱ፣ ጥፍሮቹ ቀይ የተቀቡት፣ ስሟ እንደተጠራ ተማሪ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሳ።