ስልሳ፣ ስልሳ፣ ስልሳ

ከወንዙ ወዲህ ያለው ሪፖርት የአንድ ኪሎ በቆሎ ዋጋ ባለፉት ሦስት ወራት ስልሳ፣ ስልሳ፣ ስልሳ ነበር ይላል። ከወንዙ ወዲያ ያለው ደግሞ ሰባ ሦስት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ዘጠና አራት ይላል። ሁለቱም በአንድ ገንዘብ ተመንዝረው ነው። በሁለቱ ገበያዎች መካከል ያለው አንድ ድልድይና የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ብቻ ነው።

"ስልኩን እንዳትዘጊ" አለ የማዶው መዝጋቢ። "ከሁለታችን አንዳችን ዋሽተናል። እኔ ደግሞ ትናንት ራሴን መርምሬ በነፃ አሰናብቻለሁ።"

"እኔም አልዋሸሁም" አለች መዝጋቢዋ። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ታያለች። "በየማክሰኞው አሥራ ሁለት ሻጭ እጠይቃለሁ። አሥራ ሁለቱም ስልሳ ነው የሚሉኝ።"

"እናንተ ጋ ስልሳ ከሆነ ታዲያ የእናንተ ሰዎች እኔ ጋ መጥተው በዘጠና አራት ምን ይገዛሉ? ድልድዩ አምሯቸው ነው?"

ስድስት ዓመት ሙሉ ከየስብሰባው በፊት እንዲህ ይደዋወላሉ፤ ቁጥሮቻቸው በሁለትና በሦስት እንጂ ከዚያ በላይ ተለያይተው አያውቁም። ሥራቸው አንድ ነው። አምስት ጎረቤት አገሮች እህል አዋጥተው በጋራ የሚያስቀምጡበት መጋዘን አለ፤ ከድልድዩ ወዲያ በመኪና ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። መጋዘኑ በልመናም በደብዳቤም አይከፈትም። የሚከፍተው ቁጥር ነው፦ በአንድ ድንበር ወዲህና ወዲያ ዋጋው ሦስት ወር በተከታታይ ከጨመረ፣ በመጨረሻውም ወር ከጭማሪው በፊት ከነበረው መነሻ ዋጋ በግማሽ ከበለጠ፣ እህሉ ለሁለቱም ማዶ ይጫናል። ሁለቱ ማዶዎች ካልተስማሙ ግን ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያድራል። የዛሬው ስብሰባ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የሚቀጥለው ከሦስት ወር በኋላ።

"እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ አለሽ፣ ጎረቤት" አላት። "ገበያ ውጪ። ግን እንደ መዝጋቢ ሳይሆን እንደ ገዢ።"

"መግዛት እንደማይፈቀድልኝ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። ያንን ደንብ ያወጣው ሰውዬ ቀለቡን ሌላ ሰው እየሸመተለት መሆን አለበት።"

ደንቡ የእሷ መሥሪያ ቤት ደንብ ነው፤ መዝጋቢ ከሚመዘግብበት ገበያ እህል አይገዛም። ለራሱ እንዲረክስለት ዋጋ ዝቅ አድርጎ ጻፈ እንዳይባል ነው። እሷም ስድስት ዓመት ሙሉ አክብራዋለች። የቤቷ በቆሎ ከሠራተኞች የኅብረት ሱቅ በጆንያ ይመጣል። ገበያ ውስጥ "ወይዘሮ ዋጋ" የሚሏትም ለዚሁ ነው፤ ሁሉን ትጠይቃለች፣ አንዱንም አትገዛም።

የቢሮውን ትንሽ ሚዛን በቦርሳዋ ይዛ ወጣች።

እንደ እናት ያሳደገቻት አክስቷ በገበያው ሁለተኛ ረድፍ ላይ በቆሎ ትሸጣለች። መዝጋቢዋ ስትደርስ ሕፃን ያዘለች ሴት ሁለት ጣሳ አስሰፍራ ከረጢቷን እያየች ነበር።

"ይኼ ለሁለት ቀን ይበቃን ነበር" አለች ሴትዮዋ። "አሁን ለማግስቱ አይደርስም።"

"ልጆችሽ አድገው ነዋ" አለች አክስቷ።

"ልጆቼስ ባደጉልኝ። ጣሳሽ ነው ያጠረው።"

ሴትዮዋ ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው። ከፍላ ከረጢቷን ቋጥራ ሄደች።

"አክስቴ፣ ጣሳውን እስኪ ስጪኝ።"

"ምን ይሠራልሻል? ዛሬ ማክሰኞ አይደለም።"

መዝጋቢዋ ራሷ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ሆዱ የምታውቀው አሮጌ የዘይት ጣሳ ነው። አፉ ግን ተቆርጦ እንደገና ታጥፏል፤ የታጠፈበትም ጠርዝ ገና ያብለጨልጫል። ከስድስት ዓመት በፊት ሥራ ስትጀምር ይህንኑ ጣሳ መዝና ልክ አንድ ኪሎ ሆኖ አግኝታው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣሳ ባሉ ቁጥር ኪሎ ብላ ትጽፋለች።

"ማነው የቆረጠው?"

አክስቷ ግራ ቀኙን አየች። "ቆርቆሮ ሠሪው። የሁላችንንም። አስተዳደሩ ከስልሳ አሳልፎ የሸጠ ይታሸግበታል አለ። ጆንያው ደግሞ እኛ ጋ ሲደርስ ተወዶ ነው የሚደርሰው። በስልሳ ብሸጥ እከስራለሁ፣ በሰባ ብሸጥ እታሸጋለሁ። ስለ ጣሳ ቁመት ግን ማንም ያለው ነገር የለም።"

"እና እንዴት አትነግሪኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ? ጣሳው ስንት ነው አልሽኝ፤ ስልሳ አልኩሽ። ዋሸሁሽ?"

"አልዋሸሽኝም።"

"ገበያው በሙሉ ያውቃል፣ ልጄ። ሕፃን ልኬው ቢሆን አጥሮ መጣ ይለኛል። የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አስሰፍረሽ አታውቂማ።" አክስቷ ጣሳውን ከእጇ ወስዳ እህሉ ውስጥ ሰካችው። "ልትጽፊው ነው? ስሜን ታስገቢዋለሽ?"

"ቅጹ የሻጭ ስም አይጠይቅም።"

አክስቷ ጥቂት አሰበች። "እንግዲያው ጻፊው። እኔም የሰውን ዓይን በሀፍረት ማየት ሰልችቶኛል።"

ቆርቆሮ ሠሪው ከገበያው ጀርባ ነው። የመጣችበትን ስትነግረው አላንገራገረም፤ ከጣሪያው ሥር አንዲት ቀጭን ዘንግ መዞ ሰጣት። ዘንጓ ላይ ሦስት ምልክት ተፍቋል።

"አንዱ ከሌላው አብልጦ እንዳያስቆርጥ ሁላችንንም በአንድ ልክ ቁረጥ አሉኝ ሻጮቹ" አላት። "በየወሩ አንድ ምልክት ነው የወረድኩት። ሌባም ቢሆን እርስ በርሱ መተማመን ይፈልጋል።"

"ሌቦች አይደሉም" አለች መዝጋቢዋ።

"እኔስ መች አልኩ? እንዲያው ተረት ነው።"

ያልተቆረጠ ጣሳ ሰጣት። በዘንጓ እየለካች ሦስት መስመር አሰመረችበት፤ ከአክስቷ የተበደረችውን በቆሎ እስከ እያንዳንዱ መስመር እየሞላች መዘነች። ስምንት መቶ ሃምሳ ግራም። ሰባት መቶ ሃምሳ። ስድስት መቶ ሃምሳ። ደብተሯ ላይ ስልሳን ለየአንዳንዱ አካፈለች፤ የኪሎው ዋጋ ሰባ አንድ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና ሁለት ሆነ። የማዶው ቁጥር ከእሷ ቁጥር ከሁለት በላይ አልራቀም። ከመነሻው ስልሳ ደግሞ ዘጠና ሁለት በግማሽ አልፎ ይበልጣል።

ለሦስት ወር ሰው ሲራብ እሷ ደህና ነው ብላ ስትጽፍ ነበር።

ኃላፊዋ ጡረታው የተቃረበ፣ ሰው ሳያቋርጥ የሚያዳምጥ ሰው ነው። የዘንጓን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማት፣ ደብተሯን ተቀብሎ ማካፈሉን ራሱ ደገመው፣ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

"ትክክል ነሽ" አለ። "ችግሩ ትክክል መሆንሽ አይደለም። የጋራ ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ሦስት ቁጥር የተሰረዘበት መዝጋቢ ከሥራው ይነሳል። አንድ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው።"

"አውቃለሁ፣ አለቃ።"

"ስለዚህ የዚህን ወር ብቻ እናርም። ስልሳ፣ ስልሳ፣ ዘጠና ሁለት። ድንገት ጨመረ እንላለን፤ እውነትም አለበት።"

"እንደዚያ ከሆነ መጋዘኑ አይከፈትም። ሦስት ወር በተከታታይ ነው የሚለው።"

"ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደርሳል። ስለ አንቺ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ እህቴ። ዛሬ ሦስት ወር ሙሉ ተሳስተናል ካልን ነገ የባሰ ሲመጣ ማን ያምነናል? ይኼ መጋዘን የቆመው አምስት አገር አንዱ የሌላውን ወረቀት ስለሚያምን ነው።"

ንግግሩ ከንቱ እንዳልሆነ ታውቃለች። ያስቸገራትም ይኸው ነው።

"እስከዚያስ የማዶዎቹም እህል በእኛ ምክንያት ተቆልፎ ይቆይ?"

"ሦስት ወር ነው። በሦስት ወር ሰው አያልቅም።" ይህን ብሎ ሲጨርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"እኔና እርስዎስ አናልቅም" አለች መዝጋቢዋ በዝግታ። "የኅብረት ሱቅ አለን።"

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ኮሪደር ላይ ወጥታ ባሏ ጋ ደወለች። የጡብ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ባሏ ያገኘ ቀን የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ ቤት ኪራዩና የሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ትምህርት ቤት በእሷ ደመወዝ ነው።

"ሥራዬን ላጣ እችላለሁ።"

ከጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማል። ሞተሩን አጠፋው። "ምን ወስደሽ?"

"ምንም አልወሰድኩም። ተሳስቼ ነው። ካረምኩት ያስወጡኛል።"

"ካላረምሽውስ?"

"እህሉ አይመጣም።"

"ሰው ሞቶበታል?"

"ገና።"

"ገና ከሆነማ እህሉ ይድረስ እንጂ ምን ትጠይቂኛለሽ?" አለ። ከዚያ ድምፁ ትንሽ ወረደ። "ኪራዩን ለዚህ ወር ከፍለናል አይደል?"

"ከፍለናል።"

"በይ ማታ እንነጋገራለን። ተሳፋሪ መጣ።"

የስብሰባው ክፍል ውስጥ አንድ ስክሪንና ስድስት ወንበር አለ። እሷና ኃላፊዋ ብቻ ናቸው። ስክሪኑ ላይ አምስቱ አገሮች በየሳጥናቸው ተቀምጠዋል። የማዶው መዝጋቢ ዛሬ ከረባት አድርጓል፤ ስትታየው አንገቱን ላላ አድርጎ "ሠርግ የተጠራሁ መስሎኝ ነው" አለ። ማንም አልሳቀም።

ሰብሳቢዋ ድምፅዋ የረጋ ሴት ነች። ሌሎቹን ድንበሮች አንድ በአንድ አጸደቀች፤ የእነሱ ተራ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ አለፈ።

"ወንዙ" አለች በመጨረሻ። "ሁለቱ ማዶዎች አይገናኙም። የሚታረም አለ ወይስ ለሚቀጥለው እናሳድረው?"

ኃላፊዋ ማይክሮፎኑን አበራ። "ከእኛ በኩል የመለኪያ ስህተት አግኝተናል። የዚህ ወር ቁጥር ዘጠና ሁለት ተብሎ ይታረም።"

"ተመዝግቧል" አለች ሰብሳቢዋ። የምትጽፍበት ቁልፍ ድምፅ ይሰማል። "ስህተቱ የመለኪያ ከሆነ ያለፉትን ሁለት ወራትስ አይነካም?"

ኃላፊዋ ደብተሯን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ሊዋሽ እንደማይችል ገባት፤ በእሷ ፋንታ እውነቱን ሊናገር እንደማይፈልግም ገባት። ማይክሮፎኑን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ እሷ ፊት አደረሰውና እጁን መለሰ።

ስክሪኑ ላይ የማዶው መዝጋቢ ከረባቱን መነካካቱን ትቶ ነበር።

"ይነካል" አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ደህና ወጣ። "መለኪያው ማጠር የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። እኔ ሳላየው መዝግቤያለሁ።"

"ሦስት ከተሰረዘ ምን እንደሚከተል ተነግሮሻል?" አለች ሰብሳቢዋ።

"ተነግሮኛል። ሦስቱንም ሰርዙና ሰባ አንድ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና ሁለት ብላችሁ ጻፉ።"