የታንከሩ ክዳን

«አሮጊት አፍንጫ የላትም ያለው ማነው?»

ሴትዮዋ በውኃ አገልግሎቱ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የቧንቧ ውኃ የሞሉበትን ጠርሙሳቸውን ደቅነዋል። «ይሸታል ባልኩ ቁጥር ‹እናያለን እማማ› ትሉኛላችሁ። ሽታ በምን ዓይን ሊታይ ነው?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ሳቁ ልብ ሰጣቸው።

የግድቡን ውኃ በየማለዳው የምትመረምረው የገዛ ምራታቸው ነች። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከውስጥ ወጣች።

«እማማ፣ ከግድቡ የሚመጣው ንጹሕ ነው። ምናልባት የቤትዎ ታንከር…»

«ቤቴን ልታሚ ነው? ድስት በቅጡ ማጠብ የማታውቅ፣ የሀገር ውኃ አጣራሁ ትለኛለች!»

አሁን የሳቀ የለም። «ለካ የኛም ይሸታል» የሚል ጉርምርምታ ከኋላ ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከሰዓት ቢሮው እንድትመጣ ምራትየዋን አዘዛት። እሷ ጠርሙሱን ብቻ ተቀበለች።

በምሳ ሰዓት ግን በመሰላል ወጥታ ጣሪያቸው ላይ ነበረች። ሴትዮዋ ከታች እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ።

«ክዳኑስ?»

«የምን ክዳን?»

ምራትየዋ ወደ ታንከሩ አጎነበሰች። ጓንት ባጠለቀ እጇ ከታንከሩ ውስጥ ላባዋ የተመለጠ እርግብ አወጣች።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ሲያሸሹ ግቢው ጥግ ላይ አረፈ። በቅርቡ ከባድ ነፋስ በነፈሰ ማግስት ደጃቸው ወድቆ ያገኙት ጥቁር ጎድጓዳ ነገር እዚያ ተቀምጧል። «ሲሳይ ነው» ብለው ለጎረቤት ሁሉ አሳይተውታል። ዶሮዎቹ ከሱ ውኃ ይጠጣሉ። ፊታቸው ጋለ። የታንከሩን ውኃ ለተከራዮቻቸው ልጆች ሳይቀር በእጃቸው ቀድተው ሰጥተዋል።

ምራትየዋ ወርዳ ክዳኑን አጠበች፤ ወጥታ ገጠመችው፤ ተመልሳ ወረደች። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም።

«በቃ እማማ፣ ከሁለታችን አያልፍም። አለቃዬን የሆነ ነገር እለዋለሁ።»

ብትሰድባቸው በቀለላቸው። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አጥብቀው አሰሩ።

«የሰደብኩሽ ጓዳ ውስጥ ነው?»

ምራትየዋ መሬት መሬት አየች። «አይደለም።»

«እንግዲያው ያቺን እርግብ በፌስታል አድርገሽ ስጪኝ። እኔው እይዛታለሁ። እዚያው መስኮት ድረስ ውሰጂኝ።»